ክረምት ሲወጣ፣ ሙቀት ሲገባ



ነሐሴ ሲጋመስ በአገራችን ሰው ሁሉ የአየር ጠባይ ተናጋሪ ይሆናል። በአውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው መንገደኛ፣ በመሥሪያ ቤቱ በረንዳ ላይ ዣንጥላውን የሚያራግፈው ጸሐፊ፣ ጫማው ውኃ ያስገባበት ተማሪ፣ ሁሉም «መቼ ይሆን የሚወጣልን?» ይላሉ። አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅተውልናል፤ ከቡሄ ወዲያ ክረምት የለም፣ ዶሮ ከጮኸ ወዲያም ሌሊት የለም ይሉናል። ቡሄ የሚውለው ነሐሴ 13 ቀን ስለ ሆነ፣ እንደ አነጋገሩ ከሆነ ክረምቱ ያን ዕለት አለቀ ማለት ነው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን በደጋ የሚኖር ሰው መስኮቱን ከፍቶ ቢመለከት፣ ደመናው ገና ከተራራው ጫፍ ላይ እንዳልተነሣ ያያል። እንግዲህ አባቶቻችን ተሳስተዋልን? ወይስ እኛ ነን ነገሩን በደንብ ያልሰማነው? ወደዚህ ጥያቄ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

ዛሬ በዚህ ዐምድ የምንነጋገረው ከነሐሴ ማለቂያ እስከ ጥቅምት ስላለው የአየር ጠባይ ነው፤ ይኸውም ለስለስ ያለው የክረምት ቀን ወደ ሙቀት ስለሚዞርበት ወቅት። በተለይ ሁለት ዐይነት ሰዎች ልብ ብለው እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው መስከረም ሲብት ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለሰው ተማሪ ነው። ሁለተኛው በቅርቡ ተቀጥሮ ወደ ወረዳ የተመደበውና «የወቅቱ የአየር ጠባይ አዝማሚያ» የሚል አርእስት ያለው ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው ወጣት ሠራተኛ ነው። የዚያ ደብዳቤ ጉዳይ ዣንጥላ የመያዝና ያለመያዝ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሰው ነፍስ ያለበት ነገር ነው።

በመጀመሪያ የቀን አቆጣጠሩን እናጥራ። በባሕረ ሐሳባችን ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከዚያ እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከዚያም እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ይባላል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ በፈረንጆች ወር ቢቆጠር ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ክረምት፣ ከኦክቶበር እስከ ጃንዋሪ በጋ፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ በልግ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «በጋው ሞቃት ይሆናል» ሲላችሁ የየትኛውን በጋ ማለቱ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በመስከረም መጨረሻ ካህኑ «መፀው ገባ» ይላሉ፤ የሜትሮሎጂው ባለሙያ ደግሞ «በጋ ጀመረ» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የማያውቀው ሰው ግን ይደናገራል።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን ሄዳ ስትመለስ፣ ልክ በአናታችን ላይ የምታልፈው ነሐሴ 23 ቀን ግድም ነው። በዚያ ዕለት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ያለ እንጨት በሜዳ ላይ ብትተክሉ ጥላ የለውም። በመቀሌ ይህ የሚሆነው ነሐሴ 10 ግድም፣ በባሕር ዳር ነሐሴ 16 ግድም፣ በጅማ ደግሞ ነሐሴ 28 ግድም ነው። ፀሐይ እንዲህ ባለ አኳኋን በአናት ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ የፊተኛው ጊዜ ሚያዝያ 5 ግድም ነው። በሚያዝያ ሙቀቱ ያስጨንቀናል፤ በነሐሴ ግን በዚያችው ፀሐይ ሥር ጋቢ ደርበን እንቀመጣለን። ለምን?

መልሱ ደመናው ነው። የክረምት ደመና እንደ ዣንጥላ ሆኖ የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፤ ወደ መሬት የሚደርሰውም ሙቀት ቢሆን ብዙው ርጥቡን አፈር ለማድረቅ ይውላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ በነሐሴ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ልብ በሉ፤ ፀሐይዋ አልራቀችም፣ አልደከመችምም፤ ከመጋረጃ በስተ ጀርባ ተሰውራ ነው ያለችው። መጋረጃው በተቀደደ ቀን ሙቀቱ ወዲያውኑ ይገባል። በመስከረም አንድ ቀን ብርድ፣ በማግስቱ አናት የሚበሳ ፀሐይ የምናየው ስለዚህ ነው።

ያው ደመና በሌሊት ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። መሬት በቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ እንዳትለቅ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናታል። ስለዚህ ደመናው ሲገፈፍ ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። በነሐሴ የአዲስ አበባ ሌሊት 11 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በኅዳር ወደ 7 ወይም 8 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቀኑ ግን ወደ 22 እና 23 ዲግሪ ከፍ ይላል። «አየሩ ከለስላሳ ወደ ሞቃት ይዞራል» የሚል ቃል ስትሰሙ እንግዲህ «ቀኑ ነው ወይስ ሌሊቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። የደጋ ገበሬ በጥቅምትና በኅዳር በሞቃት ቀን ማግስት ባቄላው በውርጭ ተመትቶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ የደጋውና የወይና ደጋው ነገር ነው። በአፋር በረሃና በድሬዳዋ ቆላ ክረምት ማለት ጋቢ መደረብ አይደለም። እንዲሁም ዝናቡ በአንድ ቀን ከመላው አገር አይወጣም። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲሸሽ፣ በመጀመሪያ የሚለቀው ሰሜኑን ነው፤ በትግራይና በሰሜን ወሎ ዝናቡ በመስከረም መጀመሪያ ሳምንታት ይቋረጣል። ከዚያ መካከለኛውን አገር ይለቃል። በጅማና በኢሉባቦር ግን እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር ይሰነብታል። በቦረናና በሶማሌ አገር ደግሞ ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ እኛ «ዝናቡ ወጣልን» ስንል እነሱ ሃገያ እና ደይር የሚሉትን ዝናባቸውን መጠባበቅ ይጀምራሉ። ስለዚህ «ለኢትዮጵያ» ተብሎ የሚነገር አንድ የአየር ጠባይ የለም።

ለአዲስ አበባ በአኀዝ እንየው። በኦገስት ወር፣ ማለትም ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 25 ባለው ጊዜ፣ በአማካይ ከ250 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። በሴፕቴምበር ከዚያ ግማሹ ያህል ነው። በኦክቶበር ከ50 ሚሊሜትር ያንሳል። እንግዲህ ከቡሄ ወዲያ ዝናቡ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ግን በየሳምንቱ እየሳሳ ይሄዳል።

ይህ የመሳሳቱ ፍጥነት ለገበሬው ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡ። ጤፉ በሐምሌ ተዘርቶ በመስከረም ፍሬ የሚይዝበት ጊዜ ነው። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከወጣና ፀሐይዋ ከበረታች ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በመረሬ መሬት ላይ ደግሞ ሽንብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሲያልቅ ነው፤ እነዚህ በአብዛኛው የሚያድጉት አፈሩ ውስጥ በቀረው ርጥበት እንጂ በአዲስ ዝናብ አይደለም። ሙቀቱ ቶሎ ከገባ ርጥበቱ ያልቃል፤ ዝናቡ ከቆየ ደግሞ ውኃ የተኛበት ዘር ይበሰብሳል። የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ ከሁሉ አብልጬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ወባ።

ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ እንደ ሆነች ሁላችሁም በትምህርት ቤት ተምራችኋል። ነገር ግን ትንኟ የበሽተኛውን ደም በጠጣች ማግስት ሌላውን ሰው ልትበክል አትችልም። ተሐዋሱ በሆድዋ ውስጥ አድጎ እስኪደርስ ድረስ ቀናት ያስፈልጉታል፤ የቀናቱም ብዛት በሙቀቱ ልክ ነው። ሊቃውንት ለፋልሲፓረም ወባ በሚጠቀሙበት ስሌት መሠረት፣ የአየሩ አማካይ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን 28 ቀን ያህል ይፈጃል። 25 ዲግሪ ሲሆን ግን 12 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። አብዛኞቹ ትንኞች ደግሞ 28 ቀን ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ 12 ቀን የሚኖሩት ግን ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ አያችሁ? በለስላሳው አየር ትንኟ መርዟ ሳይደርስ ትሞታለች፤ አየሩ ጥቂት ዲግሪ በሞቀ ጊዜ ግን መርዙ ይቀድማታል። ለእኛ ሹራብ የማውለቅ ጉዳይ የሆነው ሙቀት ለተሐዋሱ የሕይወት በር ነው።

በዚህ ላይ ውኃው አለ። ክረምቱ ሲወጣ ጎርፉ ይቆማል፤ ግን በየጎዳናው ዳር፣ በየኮቴው ፋና፣ በየተቆፈረው ጉድጓድ የቀረው ውኃ ጠርቶ ይቀመጣል። በክረምቱ መካከል ኀይለኛው ዝናብ የትንኝ እጮችን ጠርጎ ይወስዳቸው ነበር፤ አሁን ግን የሚነካቸው የለም። የቆመ ውኃና የሚጨምር ሙቀት የሚገናኙት ልክ በዚህ ወቅት ነው። በአገራችን የወባ ዋናው ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ነገር ከመጠን ሲያልፍ ምን እንደሚያደርስ ያዩ ሰዎች ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ክረምቱ እንደ ልማዱ አልነበረም፤ ዝናቡ በዛ፣ ከጊዜውም አልፎ ቆየ፣ ሙቀቱም ከተለመደው ከፍ አለ። ከሰኔ 1950 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ ወባ በብዛት ወደማይታወቅበት ከፍታ ወጣ። በኋላ ሐኪሞች አጥንተው እንደ ገመቱት፣ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል ሰው ሞተ። የቆላ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ስለሚታመም ሰውነቱ ጥቂት መከላከያ ያበጃል፤ የወይና ደጋው ሰው ግን ምንም መከላከያ አልነበረውም። በሽታው ሕፃን ሽማግሌ ሳይል የጨረሰው ስለዚህ ነው። በተከታዩ ዓመት፣ በ1959 እ.ኤ.አ.፣ ወባን ለማጥፋት ራሱን የቻለ አገልግሎት የተቋቋመው ከዚህ መዓት በኋላ ነበር።

«ይህ የድሮ ነገር ነው» የሚለኝ ሰው ቢኖር አንድ ትንሽ ሒሳብ ላሳየው። በተራራ ላይ 1,000 ሜትር ስንወጣ አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ይህን ገልብጣችሁ ስታሰሉት፣ አንድ ዲግሪ ሙቀት ሲጨምር አንድ ከተማ 150 ሜትር ያህል ወደ ቆላ ወረደ እንደ ማለት ነው። በጥናት እንደ ታወቀው የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። 1.3ን ለ6.5 አካፍሉና በ1,000 አባዙ፤ 200 ሜትር ይወጣል። አያቶቻችን «እዚህ ወባ አይደርስም» ብለው የመሠረቱት የወይና ደጋ ከተማ ከስፍራው ሳይነቃነቅ 200 ሜትር ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ በደብረ ዘይት አካባቢ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፤ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባው ወደ ከፍታው ይወጣል፣ ቀዝቃዛ በሆኑት ይወርዳል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መታመማቸውንና ከ1,100 በላይ መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ለዚህ ምክንያቱ የአየሩ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ጦርነትና የመድኀኒት እጥረት፣ የትንኟም መድኀኒትን መላመድ አለበት። ቢሆንም በወባማ አገር ያስተማረ መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በመስከረም የተማሪዎችን ስም ስንጠራ ክፍሉ ሙሉ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ስም ስንጠራ ዝም የሚሉት ወንበሮች ይበዛሉ። «አሞት ነው» ይላል ጓደኛው ከጎኑ ሆኖ። ከእነዚያ አብዛኞቹ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሁሉም ግን አይመጡም።

እንግዲህ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን? በመጠኑ ይቻላል። በአገራችን በ1973 ዓ.ም. የብሔራዊ ሜትሮሎጂ አገልግሎት በዐዋጅ ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የዐሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ናይሮቢ አጠገብ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ማእከል የ11 አገሮችን ባለሙያዎች እየሰበሰበ ለመላው የምሥራቅ አፍሪቃ ክፍል የወቅት አዝማሚያ ያወጣል፤ ይህ ጉባኤ የተጀመረው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ወሬው ከእነዚህ ተነሥቶ በሬዲዮ፣ በስልክና በደብዳቤ እስከ ወረዳ ይደርሳል። ችግሩ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በአነባበቡ ላይ ነው።

በወቅት ትንበያ ውስጥ «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» እና «ከመደበኛ በታች» የሚሉ ሦስት ቃላት ታገኛላችሁ። ትርጉማቸውን በክፍል ውስጥ እንደምናደርገው በምሳሌ ላስረዳ። ያለፉትን የ30 ዓመታት መስከረሞች እንደ 30 ተማሪዎች ቁጠሯቸው። በቁመት እንደምናሰልፋቸው ሁሉ፣ ከቀዝቃዛው ጀምረን እስከ ሞቃቱ በሰልፍ እናቁማቸው። የፊተኞቹ 10 ቀዝቃዞች፣ የመካከለኞቹ 10 መደበኞች፣ የኋለኞቹ 10 ሞቃቶች ይባሉ። ስለሚመጣው መስከረም ምንም የማናውቅ ቢሆን ለእያንዳንዱ ወገን 33 በመቶ እንሰጣለን። አሁን ባለሙያው «ለሞቃቱ 50፣ ለመደበኛው 30፣ ለቀዝቃዛው 20 በመቶ» አለ እንበል። ይህ «መስከረም ይሞቃል» ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል ዐሥር ጊዜ ቢነገር፣ አምስቱን ጊዜ ያህል ሞቃት ይሆናል፣ ሦስቱን መደበኛ፣ ሁለቱን ጊዜ ደግሞ ቀዝቃዛ ይሆናል ማለት ነው። ቀዝቃዛ በሆነ ጊዜ «ሜትሮሎጂዎች ዋሹ» ብሎ መሳቅ ሒሳብ አለማወቅ ነው።

ባለሙያዎቹ ይህን የሚገምቱት ሰማዩን ቀና ብለው በማየት ብቻ አይመስላችሁ፤ ይልቁንም ባሕሩን ነው የሚያዩት። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ምድር ወገብ አጠገብ ያለው ውኃ ከተለመደው ሲሞቅ ኤልኒኞ ይሉታል። ኤልኒኞ በሆነ ጊዜ የእኛ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ይደክማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ከብርቱዎቹ አንዱ ኤልኒኞ ነበር፤ በምሥራቅ አማራ፣ በትግራይ፣ በአፋር፣ በሐረርጌና በሶማሌ አገር ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፣ ሳስቶም ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሰው የእርዳታ እህል እንደሚያስፈልገው ተገለጠ። ሁለተኛው ባሕር የሕንድ ውቅያኖስ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የዚህ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል፣ ማለት የእኛው ወገን፣ እጅግ ሞቆ ነበርና ዝናቡ በመከር ጊዜ ወረደ። ያ ርጥበት የበረሃ አንበጣን አራባ፤ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ መንጋም አገሩን ወረረ። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ሁለቱም ባሕሮች ሞቀው ነበርና በሶማሌ ክልል የዋቢ ሸበሌ ጎርፍ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አፈናቀለ። እንግዲህ በእኛ ቀዬ የሚሆነው ነገር እኛ በዐይናችን አይተነው በማናውቀው ባሕር ላይ ይጀመራል።

ትንበያ እርግጠኛ ካልሆነ ምን ይጠቅማል? ትሉኝ ይሆናል። መልሴ ይህ ነው፤ የምታደርጉትን ነገር በዕድሉና በዋጋው መዝኑ። ዋጋው ርካሽ ከሆነ ጥቂት ዕድልም ይበቃል። አጎበርን መስፋትና መዘርጋት፣ በቤት ዙሪያ ያለውን ጉድጓድ መድፈን፣ ትኩሳት ሲጀምር በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ደም ማስመርመር፣ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መስከረሙ ሳይሞቅ ቢቀርም አንከስርበትም። ነገሩ በሬ የሚያሸጥ ወይም ማሳን ገልብጦ የሚያዘራ ከሆነ ግን በወቅቱ ትንበያ ብቻ አትቸኩሉ፤ የዐሥሩን ቀን ትንበያ ጠብቁ፣ የአካባቢውን የልማት ሠራተኛና የቀዬውን ሽማግሌ አማክሩ። የወቅት ትንበያ «ተዘጋጅ» ይላል፤ የዐሥር ቀኑ «አሁን ጀምር» ይላል። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰው አክስሯል።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ በወረዳ መሥሪያ ቤት የተመደብህ ወንድሜ፤ አንቺም እኅቴ። የአየር ጠባይ ደብዳቤ እንደ ሌላው ደብዳቤ አይደለም። የሌላው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ሦስት ሳምንት ቢያድር ጌታው ይቆጣል እንጂ ነገሩ አይበላሽም። የዐሥር ቀን ትንበያ ግን በዐሥራ አንደኛው ቀን ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥር ሰጥታችሁ ከማስቀመጣችሁ በፊት ገልብጡት፤ በገበያ ቀን በሚነበብበት ስፍራ ይለጠፍ፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ይድረስ። ስትገለብጡትም ቁጥሩን አታውጡበት። «ከዐሥር አምስት ዕድል አለው» ተብሎ የመጣውን «ይሆናል» ብላችሁ ካስተላለፋችሁ፣ ሳይሆን የቀረ ጊዜ ገበሬው ሁለተኛ አያምናችሁም። ገበሬ ዕድልን መረዳት አያቅተውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ከዕድል ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ነው። የሚያስቀይመው እርግጠኛ ያልሆነውን እርግጥ ብሎ የሚነግረው ሰው ነው።

ተማሪዎች ደግሞ ይህን ሥራ ሞክሩልኝ። ከጳጉሜን 1 ጀምሮ እስከ ኅዳር 30 ቀን ድረስ በየዕለቱ ሦስት ነገር በደብተር ጻፉ። አንደኛ የቀኑን ሙቀት፤ ቴርሞሜትሩ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ፣ በጥላ ይሁን፤ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የአየሩን ሳይሆን የራሱን ሙቀት ነው የሚናገረው። ሁለተኛ የዝናቡን ልክ፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ በገላጣ ስፍራ አስቀምጣችሁ የተጠራቀመውን ውኃ በየጧቱ በማስመሪያ ለኩ። ሦስተኛ በትምህርት ቤታችሁ በትኩሳት የቀሩትን ልጆች ቁጥር። በኅዳር መጨረሻ ሦስቱን በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ሣሏቸው። ወባ ባለበት አገር ከሆናችሁ፣ ሙቀቱ ከፍ ካለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቀሪዎቹ መስመር ከፍ ማለት አለማለቱን ራሳችሁ ፍረዱ። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ድገሙት። የአንድ ዓመት መዝገብ ጨዋታ ነው፤ የዐሥር ዓመት መዝገብ ግን ለአገር የሚጠቅም ዕውቀት ነው። በአዲስ አበባ ስለ ዝናብና ስለ ብርድ ዛሬ በቁጥር የምንናገረው፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች በየጧቱ ተነሥተው ስለ ጻፉልን ብቻ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። አባቶቻችን ከቡሄ ወዲያ ክረምት የለም ሲሉ ተሳስተው ነበርን? አነጋገሩን ሁለተኛ አድምጡት። ዶሮ ሲጮኽ እኮ ገና ጨለማ ነው። ፀሐይ እስክትወጣ ብዙ ጊዜ ይቀራል። ነገር ግን የዶሮውን ድምፅ የሰማች የቤት እመቤት «ገና አልነጋም» ብላ አትተኛም፤ ተነሥታ እሳት ታያይዛለች፣ ሊጥዋን ታያለች፣ ልጆችዋን ለመቀስቀስ ትዘጋጃለች። ቡሄም እንዲሁ ነው። ዝናቡ ቆሟል ብሎ አልነገረንም፤ ሊነጋ ነውና ተነሡ ነው ያለን። የሜትሮሎጂው ደብዳቤም ከዚህ የተለየ ነገር አይናገርም፤ ልዩነቱ ከዶሮው ጩኸት ጋር ቁጥር መጨመሩ ብቻ ነው።

አደይ አበባው በሜዳው ሊፈካ ነው፤ ልጆችም ለጳጉሜን ሦስት የሩፋኤል ዝናብ እየተዘጋጁ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣ ሁላችንም ደስ ይለናል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን ወባ በሚገኝበት አገር የምትኖሩ ሁሉ፣ ሹራባችሁን ባወለቃችሁበት ዕለት አጎበራችሁን ዘርጉ። እኔም በጥቅምት ስም ስጠራ ክፍሉ ሙሉ ሆኖ እንዲጠብቀኝ እመኛለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ።